ሥልጠናው ከፈተና ወረቀቱ ይጀምር፦ የመማር እክል ያለባቸውን የኮሌጅ ተማሪዎች ለምናስተምር

ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ አጥርቶ የሚመልስ ተማሪ አለ። ማታ ዶርም ውስጥ ጓደኞቹን የሚያስረዳውም እሱ ነው። ሚድ ሲመጣ ግን ከአሥር ጥያቄ አራቱን ይሠራል፤ የቀረው ባዶ ነው። እኛም ወረቀቱን አይተን «አላነበበም» እንላለን። ጥቂት ሴሚስተር እንዲህ ይቀጥልና ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ትውልድ ከተማው፣ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ፣ ይመለሳል። ሰነፍ የተባለው ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ለሚያስተምሩ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሁኑ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ሁኑ፣ ፍቼ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ሁኑ፣ ጉዳዩ አንድ ነው። የመማር እክል በዓይን አይታይም። ዊልቸር የለው፣ ነጭ በትር የለው። ተማሪው ራሱም ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ መምህሩን የምናሠለጥንበት መንገድም ለየት ማለት አለበት። እኔ የማምንበት ይህ ነው፦ ሥልጠናው ከስላይድ ሳይሆን እጃችን ላይ ካለው የፈተና ወረቀት ይጀምር። ጥናቱንም ሥልጠናውንም ራሳችን እንሥራው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የመማር እክል የምንለው፣ ማሰብና መረዳት የሚችል ሰው ከፊደል፣ ከጽሑፍ ወይም ከቁጥር ጋር ሲገናኝ የሚገጥመው፣ ከልጅነቱ አብሮት የኖረ ችግር ነው። በማንበብ ላይ ሲሆን ዲስሌክሲያ፣ በመጻፍ ላይ ዲስግራፊያ፣ በሒሳብ ላይ ዲስካልኩሊያ ይባላል። ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር አንድ አይደለም። ትኩረት የማጣት ችግር፣ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። የመማር እክል በዘር ሊተላለፍ ይችላል። ዕድሜ ሲጨምር ሰውየው መላ ይፈጥርለታል እንጂ አይጠፋም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፤ ማንበብ ግን አልሆነለትም። መምህሩ «ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ የሚበልጠው አልነበረም» ማለቱን ሐኪሙ መዝግቧል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላጋጠመው መምህር ያለ አይመስለኝም።

1. ጥቂት ሰው ሰብስቡ

አምስት ወይም ስድስት መምህር ይበቃል። ከተለያየ ዲፓርትመንት ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ የሒሳብ፣ አንድ የቋንቋ፣ አንድ የቤተ ሙከራ ሰው ይኑርበት። ግቢው ውስጥ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት መምህር ካለ ገና ከመነሻው ጥሩት። ዲኑን አስፈቅዱ። በጀት እስኪመጣ ግን አትጠብቁ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ሰዓት ነው።

2. ያረማችኋቸውን ወረቀቶች እንደገና አንብቡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ያለፈውን ሴሚስተር ሚድና ፋይናል አውጡ። ስሙን ሸፍኑ፣ በቁጥር ተኩት። አሁን የምታነቡት ማርክ ለመስጠት አይደለም። ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት ነው።

ምን ትፈልጋላችሁ? አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት ለብቻው አስቀምጡ። ቃሉን የማያውቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን አይለውጥም፤ አንዴ የተሳሳተውን ይደግመዋል። ፊደሉ አልያዝለት ያለ ተማሪ ግን በተጻፈ ቁጥር ይለዋወጥበታል። መጀመሪያ ላይ ያሉት መልሶች ሙሉ ሆነው ከመሀል ጀምሮ ባዶ የሆነውንም ለዩ። ምርጫ ላይ ጥሩ ሠርቶ ማብራሪያ ላይ ሁለት መስመር ብቻ የጻፈውን፣ ወይም የተገላቢጦሹን ተመልከቱ። በሒሳብ ወረቀት ደግሞ መንገዱ ትክክል ሆኖ ሳለ 68 የነበረው ቁጥር በሚቀጥለው መስመር 86 የሆነበትን ፈልጉ።

በአማርኛ የተጻፈ ካለ እሱንም እዩት። «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚያቀላቅል፣ ቅጥያውን (ፊደሉ ላይ የሚቀጠለውን የድምፅ ምልክት) የሚዘነጋ ተማሪ ፍንጭ ይሰጣል። የኛ ፊደል ከሞላ ጎደል እንደተጻፈ ስለሚነበብ ግን እክሉ በስህተት ሳይሆን በቀርፋፋነት ሊታይ ይችላል። ተማሪው በትክክል ያነባል፤ ግን ይዘገያል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ዳገቱ ይብስበታል፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና ድምፅ ብዙ ጊዜ አይገጥሙምና።

ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ መስመር ጻፉ። «ቁጥር 17፤ ሐሳቡ ትክክል፣ ፊደሉ ይለዋወጣል፣ ከጥያቄ 5 በኋላ ባዶ።» ይህ ብቻ ይበቃል። ማንም ላይ «ዲስሌክሲያ አለበት» ብላችሁ አትጻፉ። ምርመራ የኛ ሥራ አይደለም፤ የሠለጠነ ባለሙያና የተዘጋጀ መለኪያ ይፈልጋል። የኛ ሥራ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ማየት ነው።

3. ሌላ ምክንያት እንዳይሆን አጣሩ

በሰሜን ሸዋ ይህን ደረጃ ዘሎ ማለፍ አይቻልም። በ2012 ኮቪድ ትምህርት ቤት ዘጋ። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፤ ተማሪው ተፈናቀለ፣ ደብተሩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህም በዞኑ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ብዙ ነው። ዛሬ ፍሬሽማን ወይም ሪሚዲያል ክፍል የተቀመጠው ልጅ ሳይማር ያለፈው ምዕራፍ ሊኖር ይችላል። ያ የመማር እክል አይደለም፤ ያልተማረውን ማስተማር ነው መፍትሔው።

ቋንቋውም አለ። ማስተማሪያችን እንግሊዝኛ ነው፤ ለሁሉም ተማሪ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ ተማሪ በአማርኛ ቢንተባተብ ምንም አይደንቅም። ስለዚህ በመጀመሪያ ቋንቋው አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚቸገር ከሆነ ችግሩ የቋንቋ ሊሆን ይችላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ንባብ ይከብደው ከነበረ፣ ቤተሰቡ ውስጥም እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ እክል ለመሆኑ ፍንጩ ይጠነክራል።

ዓይኑንና ጆሮውንም አትርሱ። መነጽር የሚያስፈልገው ሆኖ ተመርምሮ የማያውቅ ተማሪ ሞልቷል። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንቅልፍ፣ ረሃብ፣ ጭንቀት እንዲሁ።

4. የብዕርና የእርሳስ ኩዊዝ ስጡ

ዓላማችን ጥናት ከሆነ ሊለካ የሚችል ነገር ያስፈልጋል። አክሽን ሪሰርች፣ ማለትም የራሱን ክፍል ችግር ለመፍታት ጥናት፣ ለሚሠራ መምህር ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም።

ለክፍሉ ሁሉ አንድ ኩዊዝ ስጡ። የተለመደውን ጊዜ፣ 30 ደቂቃ እንበል፣ በብዕር ይሥሩ። ሰዓቱ ሲሞላ «ብዕር አስቀምጡ፣ እርሳስ ያዙ» በሉና 15 ደቂቃ ጨምሩ። ቀይ ብዕር የመምህሩ ነው፤ ለተማሪው እርሳስ ይበቃል። ወረቀቱን ስትሰበስቡ የብዕሩን ማርክ ለብቻ፣ የእርሳሱን ለብቻ ደምሩ።

ትምህርቱን ያልያዘ ተማሪ በእርሳስ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ትምህርቱን ይዞ እጁ ወይም ዓይኑ የዘገየበት ግን በእርሳሱ ብዙ ይጨምራል። ሁሉም ተማሪ ትንሽ ትንሽ መጨመሩ አይቀርም፤ እናንተ የምታዩት ከሌላው በጣም የራቀውን ነው። ጭማሪው ለሁሉም እኩል ስለተሰጠ አድልዎ አለ የሚል አይኖርም፤ ማንም ጣት አይቀሰርበትም። ለኩዊዙ የሚያዘው ማርክ ትንሽ ይሁን።

ሁለተኛው መለኪያ የቃል ነው። በጽሑፍ የወደቀበትን አንድ ጥያቄ በቢሮ ሰዓት በቃል ጠይቁት። በሁለቱ መልስ መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቡ።

ኩዊዙንና የቃሉን ጥያቄ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ደጋግሟቸው። አንድ ኩዊዝ ምንም አያረጋግጥም፤ ያን ቀን አሞት ሊሆን ይችላል።

5. ተማሪውን በሥርዓት አነጋግሩ

አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ እያሉ በእክላቸው ድጋፍ ያገኙ የነበሩ ተማሪዎችን የተከታተለ ብሔራዊ ጥናት አለ። የመማር እክል ካለባቸው ውስጥ ኮሌጅ ገብተው ለተቋማቸው የተናገሩት ከአራቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። ማስረጃ በእጁ ያለው እንዲህ ከተደበቀ፣ ስለ ጉዳዩ ሰምቶ የማያውቀው የኛ ተማሪ ምን ያድርግ? እሱ ራሱን «ደደብ ነኝ» ብሎ ፈርጆ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ብቻውን፣ በሩ ገርበብ ባለ ቢሮ፣ ሰው በማይሰማበት ሰዓት አነጋግሩት። ስለ እክል አትጀምሩ። «ፈተና ላይ የሚከብድህ ምኑ ነው? ማንበቡ ነው፣ መጻፉ ነው፣ ሰዓቱ ነው?» በሉት። «ቲቸር፣ ጥያቄውን ሦስቴ ካላነበብኩት አይገባኝም» ካለ ግማሹን ነገራችሁ። ቀጥላችሁ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳለፈ ጠይቁት። መልሱ ብዙ ያስተምራል። አንዱ ጓደኛው ሲያነብ እየሰማ ያጠናል፣ ሌላው ሁሉን ነገር በሥዕል ይይዛል።

ለጥናቱ የምትጠቀሙበት ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰዱ፤ ወረቀቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እምቢ ካለ ማርኩ እንደማይነካ ንገሩት። ስሙ በስታፍ ካፌ ከተነሳ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ።

6. አሁን ሥልጠናውን አዘጋጁ

የአንድ ቀን ዎርክሾፕ አልመክርም። ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይበተናል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ይሻላል። መምህሩ በመሀል ሞክሮት መጥቶ ይናገራል።

የመጀመሪያውን ቀን በንባብ ክፈቱ። ከኮርሳችሁ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ቅጥያዎቹን አዘበራርቁ። ለምሳሌ «ተማሪው ጥያቄውን በጥሞና አንብቦ መልሱን ጻፈ» የሚለው «ቱማረው ጢየቁውን ቢጥማና እንብበ ሞልሱን ጹፊ» ይሆናል። ገጹን ሙሉ እንዲህ አድርጉና ለመምህራኑ ስጡ። ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ወረቀቱን ሰብስባችሁ ስለ ይዘቱ አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ዶክተሩም ፕሮፌሰሩም ፊደል ሲለቅም ይዘቱ ያመልጠዋል። ወዲያው «አሁን የናንተ እውቀት ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሳቅ እንዳያልቅ ግን ተጠንቀቁ። ይህ የሦስት ደቂቃ ቅምሻ ነው፤ ተማሪው ከዚህ ጋር ዓመታት ኖሯል፤ እኛ የቀመስነው ልፋቱን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን በደረጃ 2 ያዘጋጃችኋቸውን ስም አልባ ወረቀቶች አምጡ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡ። «ይህ ተማሪ ምን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን ተሳሳተ?» ይቅደም። ከሥልጠናው ሁሉ መምህሩን የሚለውጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በራሱ እጅ የጣለውን ማርክ ያያልና።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ መምህር የራሱን ሀንድአውትና አንድ ፈተና ይዞ ይምጣና እዚያው ያስተካክለው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያይና ይወያያሉ።

ከሥልጠናው የምታወጡትም አለ። «አንዱ ተማሪ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሌላው በመንካት ይማራል» የሚለውን ስላይድ አውጡት። ብዙ ሥልጠና ላይ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ለየስልቱ ለይቶ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሥነ ልቦና ምሁራን ግምገማ አሳይቷል። ለሁሉም በቃልም በሥዕልም ማቅረቡ ጥሩ ነው፤ ተማሪን በየሳጥኑ መክተቱ ነው የማይጠቅመው። ባለቀለም መነጽር ዲስሌክሲያን ያድናል የሚለውም ማስረጃ የለውም።

መምህራኑን ስትጠይቁ ስለ አመለካከት ሳይሆን ስለ ሥራ ጠይቁ። «የመማር እክል ያለባቸውን ትደግፋለህ?» ቢባል ሁሉም አዎ ይላል። «ባለፈው ወር ሀንድአውት ከክፍል በፊት የላክኸው ስንት ጊዜ ነው?» የሚለው ግን እውነቱን ያወጣል።

7. ማስተማሩንና ፈተናውን ለውጡ

ጥያቄና መልሱ በአንድ ገጽ ይሁን። የማዛመድ ጥያቄ ላይ «ሀ» ረድፍ በፊት ገጽ፣ «ለ» ረድፍ በጀርባ የታተመበት ፈተና የብዙዎቻችን ነው። ገጹን በገለበጠ ቁጥር ያነበበው የሚጠፋበት ተማሪ እዚያው ይሰምጣል። የፊደሉ መጠን 12 ወይም 14 ይሁን፤ በመስመሮቹ መሀል ክፍተት ይኑር። «ያልሆነው የቱ ነው» ዓይነት ጥያቄ ቀንሱ፤ ግድ ከሆነ «ያልሆነው» የሚለውን አድምቁት። አንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄ ካለ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ለያዩት።

ተጨማሪ ሰዓት በሌላ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የ25 ወይም የ50 በመቶ ነው። የሁለት ሰዓት ፈተና ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ሰዓት ለመጨመር የማትችሉ ከሆነ ጥያቄ ቀንሱ። ደግሞ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጣት አይታዘዝም። ለመጻፍ ለሚቸገር ተማሪ ፈተናውን ወደ አራት ሰዓት መግፋት ምንም ወጪ የለውም።

ክፍል ውስጥ ኖት ማስጻፍ ይቅር። እያዳመጠ መጻፍ የማይችለው ተማሪ ሁለቱንም ያጣል። ሀንድአውቱን ከሁለት ቀን በፊት በክፍሉ ቴሌግራም ላኩ። ሰሌዳውን ፎቶ እንዲያነሳ፣ ድምፅ እንዲቀርጽ ፍቀዱ። ክፍሉን ስትጀምሩ ያለፈውን ሦስት ጥያቄ ጠይቃችሁ ጀምሩ፤ ከማስታወስ አውጥቶ መመለስ ደግሞ ከማንበብ ይበልጥ ያስይዛል፤ ይህ ለሁሉም ተማሪ ነው። በስልኩ እንዴት እንደሚጠቀምም አስተምሩት፦ ወርድ ፕሮግራም የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ጮክ ብሎ ያነባል። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይጽፋል። ረቂቁን ተናግሮ ጽፎ በኋላ ሊያርመው ይችላል።

«ይህ ለሌላው አድልዎ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። መልሱ ኮርሱ ምን እንደሚለካ ማየት ነው። ማይክሮባዮሎጂ የሚለካው የባክቴሪያ እውቀትን ነው እንጂ የንባብ ፍጥነትን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን አንብቦ መስጠት ኮርሱን አይቀንሰውም። የእንግሊዝኛ ንባብ ኮርስ ከሆነ ግን አንብቦ መስጠት አይቻልም፤ ሰዓት መጨመር ይቻላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትንም ጨምሮ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ይህ ችሮታ አይደለም።

የመውጫ ፈተናው ለብቻው ሐሳብ ይፈልጋል። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ በኮምፒውተር ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በወረቀት ላይ ጣቱን እያስከተለ የሚያነብ ተማሪ ስክሪን ላይ መስመር ይጠፋበታል። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በኮምፒውተር አለማምዱት። ሊፈቀድለት የሚገባ ነገር ካለ ጥያቄው ከወራት በፊት በጽሑፍ፣ ከልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍሉ ጋር ሆናችሁ ይግባ፤ የፈተናው ሳምንት ላይ ማንም አይሰማችሁም።

8. ያገኛችሁትን አቅርቡ

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁለት ገጽ ጻፉ። ተማሪውን ከራሱ ጋር አወዳድሩ፦ ባዶ የተዋቸው ጥያቄዎች ከለውጡ በፊት ስንት፣ በኋላ ስንት፤ የብዕርና የእርሳስ ማርክ ልዩነት ጠበበ ወይስ አልጠበበም። ውጤት ያላመጣውንም ለውጥ ጻፉ። በአንድ ክፍል የተገኘውን የዞኑ ውጤት አድርጋችሁ አታቅርቡ። ጽሑፉን ለዲፓርትመንት ካውንስል አስገቡና አንድ ነገር ብቻ እንዲወሰን ጠይቁ፤ ለምሳሌ የፈተና ወረቀት አዘገጃጀት ደንብ። አንድ ውሳኔ ከአሥር ምክረ ሐሳብ ይበልጣል።

የመምህራን ኮሌጅ ባልደረቦቼ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። እናንተ ጋ ያለው ተማሪ ነገ አንደኛ ክፍል ገብቶ ፊደል ያስቆጥራል። እንዴት እንደረዳችሁት በዝርዝር ንገሩት፣ አስተምሩትም። ልጆቹ ውስጥ ራሱን ሲያይ በስምንት ዓመታቸው ይደርስላቸዋል።

በመጨረሻም ለተማሪው አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጡት። እክሉን አይጥቀስ፤ የሚረዳውን ብቻ ይዘርዝር፦ ተጨማሪ ሰዓት፣ ሰፋ ያለ ጽሑፍ፣ አስቀድሞ የሚላክ ሀንድአውት። ከቡድናችሁ አንድ መምህርና የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርሙበት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለየትኛው መምህር እንደሚያሳየው የሚወስነው ተማሪው ነው። አዲሱ መምህር ደብዳቤውን ይዞ ለሚመጣው ተማሪ የመጀመሪያውን ኩዊዝ ከመስጠቱ በፊት አሥር ደቂቃ ይመድብለት።